ገንዘብ የገዛውን እጅ ካልፈታው

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት አንድ ጥያቄ ነው። ካዝናው የሞላ፣ ኢኮኖሚው በፍጥነት የሚያድግ፣ ሆስፒታሎቹ በዘመናዊ መሣሪያ የተሟሉለት አካባቢ፣ የሕክምና መሣሪያ ገዢ ከመሆን አልፎ ሠሪ ለመሆን ምን ይጎድለዋል? ጥያቄውን ለመመርመር የሚያመቹት በ1981 የባሕረ ሰላጤውን የትብብር ምክር ቤት የመሠረቱት ስድስት አገሮች ናቸው፤ ሳዑዲ አረቢያ፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ኦማንና ባሕሬን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህ አገሮች ከነዳጅ ጥገኝነት ለመላቀቅ ዕቅድ ነድፈዋል፤ በ2016 የወጣው የሳዑዲ አረቢያ «ራዕይ 2030» ከሁሉም ይበልጥ ይታወቃል። የሕክምና መሣሪያን በአገር ውስጥ ስለማምረት ሲወራ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መፍትሔ ፋብሪካ ነው፤ መሬት ይሰጥ፣ ብድር ይመቻች፣ የውጭ ኩባንያ መጥቶ ይገጣጥም ይባላል። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። የሕክምና መሣሪያ ኢንዱስትሪ ሥሩን የሚሰደው ሆስፒታል ውስጥ ነው እላለሁ፤ መሣሪያው በሚበላሽበት፣ በሚፈታበትና በሚጠገንበት፣ ጉድለቱም ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ በሚታይበት ቦታ። ገንዘብ ይህን ቦታ ሊያስፋፋው ይችላል፤ ሊተካው ግን አይችልም።

በቅድሚያ የገበያውን አቅም እንይ። ሪያድ የሚገኘው የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል በ1975 ሥራ ጀመረ፤ በ2024 ደግሞ የልብ ንቅለ ተከላን ሙሉ በሙሉ በሮቦት ማካሄዱን ለዓለም አስታወቀ። በአቡ ዳቢ የአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ስም የሚጠራበት ሆስፒታል ከ2015 ጀምሮ በሽተኛ ይቀበላል። በሽታውም የዚያኑ ያህል ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በኩዌት ከአዋቂዎች አንድ አራተኛ የሚሆኑት ከስኳር ሕመም ጋር ይኖራሉ። ስኳር ሲመጣ የኩላሊት እጥበት ማሽን፣ የዓይን መመርመሪያ፣ የልብ ቧንቧ ስቴንት ተከትለው ይመጣሉ። አቡ ዳቢ ከ2006 ወዲህ፣ ዱባይም በ2013 ባወጣችው ሕግ የጤና መድን ግዴታ ስላደረጉ ከፋይ አይጠፋም። እንግዲህ ፈላጊ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ችሎታ ያለው ሐኪም አለ። ሆኖም ሮቦቱም፣ ስቴንቱም፣ የምስል ማሽኑም በአብዛኛው ተሠርቶ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው።

ጥሬ ዕቃ ስለሌላቸው እንዳይመስላችሁ። የኤምአርአይ ማሽንን ውሰዱ። አብዛኞቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ትልቅ ማግኔት ኃይሉን ጠብቆ የሚቆየው በፈሳሽ ሂሊየም ተነክሮ፣ ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ ነው። ያ ሂሊየም ከተፈጥሮ ጋዝ ተለይቶ ይወጣል፤ ከዓለም ታላላቅ አምራቾች አንዷም ኳታር ናት። በሰኔ 2017 ጎረቤቶቿ ድንበር በዘጉባት ጊዜ ራስ ላፋን ያሉት የሂሊየም ተቋሞቿ ለጊዜው ሥራ አቁመው፣ ሥጋቱ እስከ ሩቅ አገር ላቦራቶሪዎች ድረስ ተሰምቶ ነበር። ማሽኑን ከሚሠሩት መካከል ግን የሲመንስ የኤምአርአይ ማዕከል በጀርመን ኤርላንገን፣ የፊሊፕስም በኔዘርላንድ ቤስት ከተማ ነው። ኳታር ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘውን ትልካለች፤ ማግኔቱን ገዝታ ታስመጣለች። በ1976 የተቋቋመው የሳዑዲው የፔትሮኬሚካል ኩባንያ ሳቢክም በ2007 የጄኔራል ኤሌክትሪክን የፕላስቲክ ዘርፍ በ11.6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ለሕክምና ዕቃ የሚሆን ፕላስቲክ ለዓለም ያቀርባል። ጥሬ ዕቃም፣ ካፒታልም ከእጃቸው ነው ማለት ነው። ስለዚህ የጎደለውን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

የት እንደምንፈልገው የዘርፉ ታሪክ ይጠቁመናል። ከዓለም ታላላቅ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሜድትሮኒክ በ1949 በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሲከፈት ሥራው የሆስፒታል ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን መጠገን ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ኧርል ባከን ለጥገና ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲመላለሱ ከቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ ጋር ተዋወቁ። በዚያን ጊዜ የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሕፃናት የልብ ምት ይጠብቅ የነበረው መሣሪያ ከግድግዳ ሶኬት በሚሳብ መብራት የሚሠራ ትልቅ ሣጥን ነበር። በጥቅምት 1957 መጨረሻ በከተማው መብራት ጠፋ፤ ሊለሃይም በባትሪ የሚሠራ ነገር እንዲፈልጉላቸው ባከንን ጠየቁ። ባከን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ለሙዚቀኞች የምት መለኪያ የተነደፈ የትራንዚስተር ሰርኪዩት አስታወሱና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሰውነት ጋር የሚታሰር ትንሽ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሠርተው አስረከቡ። ከዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከፈጠራው በፊት የነበሩትን ስምንት የጥገና ዓመታት ነው። ባከን ያንን ጥያቄ ለመስማት የበቁት ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ ስለነበራቸው ነው፤ ለመመለስ የቻሉትም እጃቸው የሌሎችን መሣሪያዎች ሲፈታ ስለኖረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «የአየርላንዷ ጎልዌይ ከተማስ? እሷ በውጭ ኩባንያ ፋብሪካ አይደል የጀመረችው?» የሚል። እውነት ነው። አሜሪካውያኑ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎች ሲ አር ባርድ በ1982፣ ቦስተን ሳይንቲፊክ በ1994 ጎልዌይ ገቡ፤ ዛሬ በአየርላንድ የሕክምና መሣሪያ ዘርፍ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሠራል። ብዙዎች ይህን ለአገሪቱ ዝቅተኛ የኩባንያ ግብር ይሰጡታል። ግብሩ እንደ ረዳ አልክድም። ነገር ግን የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እስከ 2023 ድረስ በአብዛኛው ኩባንያ ላይ የፌዴራል የትርፍ ግብር አልጣለችም ነበር፤ ከጣለችም በኋላ መደበኛ ምጣኔው 9 በመቶ ነው። ግብር ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ዱባይ ጎልዌይን በቀደመች። ልዩነቱ የታየው በ1993 ነው። በዚያ ዓመት ዲጂታል የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የጎልዌይ ፋብሪካውን ዘጋና ወደ 800 የሚጠጉ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሥራ ፈቱ። ከተማዋ ተሰበረች ሲባል እነዚያ ኢንጂነሮችና ቴክኒሻኖች ወደ ሕክምና መሣሪያ ሥራ ገቡ፤ የራሳቸውን ድርጅት ያቋቋሙም ነበሩ። ለኮምፒውተር ኩባንያዎች የብረት ሥራ ያቀርብ የነበረው ክሬጋና የተባለ የአገር ውስጥ ድርጅት ፊቱን ወደ ካቴተርና ወደ ቀጭን የብረት ቱቦ አዞረ፤ በ2016 ቲኢ ኮኔክቲቪቲ የተባለ ኩባንያ ወደ 895 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ፋብሪካውን ያመጣው ግብር ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካ ሲዘጋ ዕውቀቱ እንዳይዘጋ ያደረገው ግን በከተማው የቀረው የባለሙያ እጅ ነው።

ባሕረ ሰላጤው ራሱ ይህን መንገድ አያውቀውም ማለት ደግሞ ትክክል አይሆንም። በሐጅ ወቅት መካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ሐጅ በበጋ ሲውል ሙቀት የመታው ሰው ብዙ ነው። በ1980 በኩዌት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሙስጠፋ ኮጋሊና የለንደኑ ተመራማሪ ጆሴፍ ዋይነር ለእነዚህ በሽተኞች የሚሆን ማቀዝቀዣ አልጋ ይፋ አደረጉ። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። በሙቀት የተመታን ሰው በረዶ ውስጥ ብትነክሩት የቆዳው የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውነቱም ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ መልሶ ሙቀት ያመነጫል። ኮጋሊና ዋይነር በሽተኛውን በመረብ አልጋ ላይ አንጠልጥለው፣ 15 ዲግሪ ያህል የሆነ ውኃ እንደ ጉም በሰውነቱ ላይ እየረጩ፣ ሞቅ ያለ አየር አነፈሱበት። ቆዳው ከ32 እስከ 33 ዲግሪ ይቆያል፤ ደም ወደ ቆዳ መፍሰሱን አያቋርጥም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር የውስጡን ሙቀት ይዞ ይወጣል። መሣሪያው እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት የሚጠራው በመካ ስም ነው። ይህን የወለደው የኢንዱስትሪ ፓርክ አልነበረም። ችግሩ እዚያው፣ ሐኪሙ እዚያው፣ በሽተኛውም እዚያው ስለነበሩ ነው የተወለደው።

ታዲያ ይህ ዓይነቱ ሥራ ለምን አልበዛም? ዋናው ምክንያት ግዥው የሚፈጸምበት መንገድ ይመስለኛል። የውጭ አምራች ዕቃውን የሚሸጠው በአገር ውስጥ ወኪሉ በኩል ነው፤ ወኪሉ ያስመጣል፣ ያስመዘግባል፣ ያስገጥማል። ጥገናው በውል ይታሰራል፤ ውሉ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ ከመሣሪያው ዋጋ ላይ የማይናቅ መቶኛ ይወስዳል። ማሽኑ ሲቆም ስልክ ይደወላል፤ የአምራቹ ሰው መጥቶ በራሱ የይለፍ ቃል ይከፍተዋል፣ ካርዱን ቀይሮ ይሄዳል፤ የተበላሸውም ክፍል ወደ አምራቹ ይመለሳል። ለሆስፒታሉ ይህ ምቹ ነው፤ ገንዘብ ላለውም ፈጣን ነው። ነገር ግን አንድ ክፍል ለምን በዚያ አገር ሙቀትና አቧራ ቶሎ እንደሚሞት፣ የትኛው ቱቦ ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደሚደክም የሚናገረው መረጃ ሁሉ ከብልሽቱ ጋር ተሳፍሮ ይሄዳል። ድሃ አገር ውል መክፈል ሲያቅተው ባለሙያው መሣሪያውን ለመፍታት ይገደዳል፤ ሀብታሙ ግን አይገደድም። የሀብት ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን ከመማር ግዴታ ነፃ ያወጣዋል። ስለዚህ ግዴታውን ፖሊሲ መልሶ መፍጠር አለበት። በ2009 የተቋቋመው የሳዑዲው የግዥ ኩባንያ ኑፕኮ ለመንግሥት ሆስፒታሎች በማዕከል ይገዛል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ገዢ በጨረታ ሰነዱ ላይ የጥገና መመሪያው፣ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩና የመለዋወጫ ዝርዝሩ ለሆስፒታሉ ኢንጂነሮች ይሰጥ፣ የብልሽት መዝገቡም የሆስፒታሉ ይሁን ብሎ ቢጽፍ፣ ይህን ገበያ ላለማጣት የሚፈልግ ሻጭ ቁጭ ብሎ ይነጋገራል።

አምራቾች ለዚህ የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው፤ ከእኛ ሌላ ሰው ከነካው የበሽተኛው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል ይላሉ። ሥጋቱን አላናንቅም። የማደንዘዣ ማሽንን ባልሠለጠነ እጅ መንካት ሰው ይገድላል። ነገር ግን የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህንኑ ክርክር መርምሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ገለልተኛ ጠጋኞች ሰፊ የጤና ሥጋት ፈጥረዋል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ የእነሱ መኖርም ለአገሪቱ የጤና ሥርዓት ወሳኝ ነው ሲል ደመደመ። የሚያስፈልገው እንግዲህ ባለሙያውን ከማሽኑ ማራቅ ሳይሆን ማሠልጠን፣ ፈቃድ መስጠትና ሥራውን መመዝገብ ነው። «ባለሙያዎቹ እኮ በአብዛኛው የውጭ ዜጎች ናቸው፤ ተምረው ይሄዳሉ» የሚልም ይኖራል። ለዚህ መልሱ በአገሮቹ እጅ ነው። ሳዑዲ አረቢያም ኤምሬትስም በ2019 የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ጀምረዋል፤ ፈቃዱ ለባለ ሀብትና ለታዋቂ ሐኪም እንደሚሰጥ ሁሉ ማሽኑን ፈትቶ ለሚገጥመው ቴክኒሻንም በስፋት ይሰጥ። ጎልዌይ ላይ ያየነው ይህ ነው፤ ባለሙያው ከቆየ ዕውቀቱ ይቆያል።

ከግዥው ቀጥሎ ሁለተኛው የፖሊሲ መንገድ የቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። የሳዑዲ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የተቋቋመው በ2003 ሲሆን፣ በ2008 ስለ ሕክምና መሣሪያ ባወጣው ጊዜያዊ ደንብ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ኅብረት፣ በካናዳ፣ በጃፓን ወይም በአውስትራሊያ የጸደቀውን ፈቃድ እየተመረኮዘ ገበያ ያስገባ ነበር። በ2021 የራሱን የሕክምና መሣሪያ ሕግ አግኝቶ ወደ ራሱ የቴክኒክ ሰነድ ምርመራ ተሻግሯል። ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ትልቅ እርምጃ ነው፤ የሌላውን ፊርማ ማመን ቀላል ነው፣ ራስ መርምሮ መፈረም ግን መርማሪ ማፍራትን ይጠይቃል። የራስ ምርመራ ጥቅሙ ምን እንደሆነ አንድ ትንሽ መሣሪያ ታሳየናለች። ጣት ላይ ተቆንጥጣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካውን መሣሪያ ሁላችሁም በኮቪድ ዘመን አይታችኋታል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት መሣሪያዋ ደኅና ነው ስትል ኦክስጅናቸው ግን ያነሰ ሰዎች ከጥቁር በሽተኞች መካከል 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሆነው ተገኙ። ብርሃኑ በጠቆረ ቆዳ ሲያልፍ ንባቡ ይዛባል። በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ደግሞ ከደቡብ እስያና ከአፍሪካ የመጡ፣ ከእነሱም መካከል የእኛ ወገኖች የሆኑ፣ ቆዳቸው የጠቆረ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይኖራሉ። በሌላ አገር ሰው ላይ የተሞከረን መሣሪያ በራስ ሕዝብ ላይ መልሶ መሞከር እንግዲህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ልኬቱን የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ ነገ የተሻለውን ይሠራል።

ሦስተኛው ጉዳይ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ምን መሥራት አለባቸው የሚለው ነው። ኤምአርአይ እንሥራ ብሎ ከኤርላንገን ጋር መወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ሌላው ዓለም ሊጠይቀው የማይችለው ጥያቄ ግን በእጃቸው አለ። በረመዳን አንድ ባለ ስኳር ሕመም ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ከዚያ በኢፍጣር በአንድ ጊዜ ብዙ ይመገባል፤ ሌሊቱን እንደገና ለሱሑር ይነሣል። ኢንሱሊንን በራሱ የሚመጥን ፓምፕ ግን በተለመደው አሠራር የተቀመረው ቀን በልቶ ሌሊት ለሚተኛ ሰው ነው። ይህን ቀመር ለጾመኛ ለማስተካከል የሚያስፈልገው መረጃ እንደ ሪያድና እንደ ኩዌት ተከማችቶ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ገዢውም በዓለም ዙሪያ ያለ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጾመኛ ሙስሊም ነው። ከረጅም የጾም ሰዓት በኋላ የሚበሉ የእኛ አገር ክርስቲያኖችና ሙስሊሞችም ከዚህ ዕውቀት ይጠቀማሉ። የገበያ ስፋትን በሚመለከት፣ ስድስቱ አገሮች ተደምረው ከ50 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላቸው፤ አየርላንድ ግን ወደ 5 ሚሊዮን ብቻ ናት። ችግሩ ሌላ ነው፤ ለመድኃኒት የጋራ ምዝገባ ከ1999 ጀምሮ ቢኖራቸውም ለሕክምና መሣሪያ ግን እያንዳንዱ አገር በየራሱ ይመዘግባል። አንድ ትንሽ የአገር ውስጥ ድርጅት ስድስት ጊዜ ሰነድ አቅርቦ፣ ስድስት ጊዜ ከፍሎ አይዘልቀውም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የኢኮኖሚ ባለሙያው ነው። «ርካሽና ጥሩ ሆኖ ከውጭ የሚገኝን ነገር ለምን በውድ እንሥራ?» ይላል። በሰላሙ ጊዜ ክርክሩ ያሸንፋል። በመጋቢት 2020 ግን ጀርመን ጭምብልና የመከላከያ ልብስ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ ከቀናት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ያለ ፈቃድ አይውጣ አለ። ገንዘብ ይዞ በር ላይ መቆም ምን ያህል እንደሚጠቅም ያኔ ታየ። ያን ጊዜ በአል አይን ከተማ የአውሮፕላን ክፍሎች የሚሠራው ስትራታ የተባለ ድርጅት ከአሜሪካው ኩባንያ ሃኒዌል ጋር ሆኖ በሳምንታት ውስጥ የኤን95 ጭምብል ማምረት ጀመረ፤ የቻለውም የሠለጠነ እጅና ጥብቅ የጥራት ልማድ አስቀድሞ ስለነበረው ነው። ይህ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል፤ በችግር ቀን የሚያድነው ቀድሞ የተዘጋጀ ችሎታ ነው። ሁሉንም በአገር ውስጥ እንሥራ አልልም። ሁሉንም የሚፈታ፣ የሚመረምርና የሚጠግን ሕዝብ ይኑር፣ ከዚያ ጥቂቱን መርጦ ይሥራ ነው የምለው።

ውድ አድማጮች፤ ይህ የባለጸጎች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ ለሌላው ሲነገር ለእኔ ብሎ መስማት ጥሩ ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ባዮሜዲካል ኢንጂነሮችን ያስመርቃሉ። የእነሱ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው የሆስፒታል ኃላፊዎች መሣሪያ ሲገዙ መመሪያውንና ሶፍትዌሩን አብረው ሲጠይቁ፣ ተመራቂውንም ከማሽኑ ጋር ሲያገናኙት ነው፤ ለዚህ ነዳጅ አያስፈልግም። ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለኝ ፍርድ ግን ግልጽ ነው። ባለፉት 50 ዓመታት የዓለምን ምርጥ ሆስፒታሎች ገንብተዋል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ሠሪ የሚሆኑት በከፈቱት የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ቁጥር ሳይሆን በእነዚያ ሆስፒታሎች ምድር ቤት ባለው የጥገና ክፍል ጥራት ነው። ግዥ የምትፈርሙ፣ ደንብ የምታወጡ፣ ተማሪ የምታስተምሩ ሁሉ፤ የሚቀጥለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት «ማሽኑ ሲበላሽ ማን ይፈታዋል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።